የመሪ ማዕዘን ሴንሰር ብልሽት፦ ዕቃው ከመለወጡ በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ነጥቦች

ከሚኤሶ ወደ ጭሮ የሚወጣው፣ ከዚያም በሂርና በኩል ወደ ቁልቢ የሚዘልቀው መንገድ ዳገት፣ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ የበዛበት ነው። በዚህ መስመር የሚያሽከረክሩ ሁሉ፣ በዳሽቦርድ ላይ የምትንሸራተት መኪና ምስል ያለበት ቢጫ መብራት በርቶ ሲቀር ችላ ሊሉት አይገባም። ሆኖም መብራቱ መብራቱ ብቻውን ሴንሰሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ሴንሰሩ ምን ይሠራል?

ሴንሰሩ በመሪው ዘንግ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ አሽከርካሪው መሪውን ወዴትና ምን ያህል እንዳዞረ ይለካል። የመረጋጋት መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ይህን ልኬት ተሽከርካሪው በተጨባጭ ከዞረበት መጠንና ከጎማዎቹ ፍጥነት ጋር ያነጻጽራል። ልዩነት ሲያገኝ አስፈላጊውን ጎማ ለብቻው በፍሬን በመያዝና የሞተሩን ኃይል በመቀነስ ተሽከርካሪው መስመሩን እንዳይስት ያግዛል። ልኬቱ ሲዛባ ግን ኮምፒውተሩ ይህን እገዛ ሊያቋርጥ ይችላል።

የችግሩ መነሻ

ባትሪ ሲነቀል ወይም ሲደክም፣ ዊል አላይመንት ሲሠራ ወይም የመሪ ክፍሎች ሲፈቱ፣ ሴንሰሩ ቀጥታውን አቅጣጫ የሚያመለክተውን ዜሮ ሊስት ይችላል። እንዲህ ያለው ችግር በአብዛኛው ዕቃ ሳይለወጥ ይስተካከላል።

የምርመራ ቅደም ተከተል

1. የባትሪው ኃይል፣ የጎማዎቹ ልክና የአየር መጠን ይረጋገጣል።
2. የብልሽት ኮዱ ከመረጋጋት መቆጣጠሪያው ይነበባል። የሞተርን ኮድ ብቻ የሚያነብ መሣሪያ በቂ አይደለም።
3. ተሽከርካሪው በሜዳማ ቦታ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሲቆም፣ በመመርመሪያው ላይ የሚታየው ማዕዘን ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር ቁጥሩ ሳይዘል ሊለወጥ ይገባል።
4. ቁጥሩ በአግባቡ እየተለወጠ ከዜሮ ከራቀ፣ አላይመንቱ ተስተካክሎ ሴንሰሩ በመመርመሪያው አማካይነት ወደ ዜሮ ይመለሳል።
5. ቁጥሩ የሚዘል ወይም የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ በቅድሚያ ሽቦውና ማገናኛው ይፈተሻሉ። ሴንሰሩ የሚለወጠው ከዚህ በኋላ ነው፤ አዲሱም በአምራቹ መመሪያ መሠረት ወደ ዜሮ መስተካከል አለበት።

ጥንቃቄ

በብዙ ተሽከርካሪዎች ሴንሰሩ ከኤርባግ አጠገብ ስለሚገኝ፣ መሪውን መፍታት ያለበት የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ነው። ባለንብረቶች ለዕቃ ከመክፈላቸው በፊት የምርመራውን ውጤት በጽሑፍ መጠየቅ ይገባቸዋል። ጥገናው እስኪጠናቀቅ ድረስ በተለይ በዝናብና በቁልቁለት ፍጥነትን መቀነስ ያስፈልጋል። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ ግን ጉዞውን አቁሞ ተሽከርካሪውን ማስመርመር ግድ ነው።