«ፊውዝ!» ሲሉኝ ለምን ዞርኩ?

መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነን፤ እኔና አክስቴ። ከኋላ አንድ ሰው «ፊውዝ! አንተ ፊውዝ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሁሉ ሰልፈኛ መካከል የዞርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ልዙር ወይስ ይቅር ብዬ ያሰብኩበት ቅጽበት የለም፤ አንገቴ ቀደመኝ። ፊቴ የጋለው ከዞርኩ በኋላ ነው።

«ፊውዝ» የቴሌግራም ስሜ ነው። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ላብራቶሪ ውስጥ በአንድ ከሰዓት ሦስት ፊውዝ አቃጠልኩ፤ ማታውኑ የጥናት ግሩፓችን ውስጥ ስሜን ቀየርኩ። ቀልዱ በሳምንቱ ተረሳ፣ ስሙ ግን ቀረ። ሰልፍ ላይ የጠራኝ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ በጽሑፍ ብቻ የማውቀው ሰው ነው፤ የለየኝ በፕሮፋይል ፎቶዬ ነው። ተቃቅፈን ተሳሳቅን። አክስቴ ግን ታክሲ ውስጥ ከገባን በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ምነው ልጄ፣ ምን አድርገህ ነው እንዲህ የሚሉህ?» አለችኝ። ፊውዙ የተቃጠለ ሰው ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

ደስ ብሎኝ ነበር? አዎ። አፍሬስ ነበር? እሱም አዎ። ሁለቱም ስሜት በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቃል። የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነውና አንድ ግብዓት ሁለት ተቃራኒ ውጤት ሲሰጥ ገመዱን ተከትዬ ማየት እወዳለሁ።

አንገት ለምን ይቀድማል?

እ.ኤ.አ. በ1953 ኮሊን ቼሪ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ አንድ ጥያቄ አነሳ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ በሚያወራበት ግብዣ ላይ የአንድን ሰው ንግግር ለይተን የምንሰማው እንዴት ነው? ሙከራው ቀላል ነበር። ለተሳታፊዎች ማዳመጫ ያደርግላቸውና በቀኝ ጆሮ አንድ ንግግር፣ በግራ ጆሮ ሌላ ንግግር ይለቅላቸዋል። አንደኛውን እየሰሙ ቃል በቃል ጮክ ብለው እንዲደግሙ ያዛቸዋል። በሌላኛው ጆሮ ስለተባለው ነገር ሲጠየቁ ምንም ማለት አልቻሉም ማለት ይቻላል።

በ1959 ኔቪል ሞሬይ ይህንኑ ሙከራ ወሰደና ነገሩን አከበደው። ችላ በተባለው ጆሮ ጥቂት ቃላትን 35 ጊዜ ያህል ደጋገመ፤ ተሳታፊዎቹ በኋላ አላስታወሷቸውም። የተሳታፊውን የራሱን ስም ሲያስገባ ግን ከሦስቱ አንዱ ያህል ሰማው። ትኩረት በሩን ቢዘጋም ስማችን በቁልፍ ቀዳዳ ይገባል ማለት ነው። በነገራችን ላይ፣ በ2001 የታተመ ሌላ ጥናት ስማቸውን የሰሙት በብዛት የሥራ ላይ ትውስታቸው ዝቅ ያለ ሰዎች መሆናቸውን አሳየ፤ 65 በመቶ ያህሉ ሰሙ። ከፍ ያለ ትውስታ ካላቸው የሰሙት 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ስትጠሩት የማይዞር ጓደኛ ካላችሁ ኩራተኛ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ምናልባት የያዘውን ሥራ አጥብቆ ይዞ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ግን ስለ እውነተኛ ስም ነው፤ ከተወለድን ጀምሮ ሺህ ጊዜ ስለሰማነው። በአንድ ማታ ቀልድ የወጣ ስም እንዴት እዚያ ደረጃ ይደርሳል?

እዚህ ላይ በጣም የምወደው ሙከራ አለ። በ2012 ጂ ሱዊና ባልደረቦቿ ለተሳታፊዎች እንዲህ ዓይነት ነገር ነገሯቸው፦ ሦስት ማዕዘኑ አንተ ነህ፣ ክቡ ጓደኛህ ነው፣ አራት ማዕዘኑ የማታውቀው ሰው ነው። ከዚያ ቅርጽና ቃል አጣምረው በስክሪን ላይ እያሳዩ «ይገጥማል ወይስ አይገጥምም?» ብለው ጠየቁ። ሰዎቹ «የእኔ ነው» የተባሉትን ቅርጽ ከሌሎቹ በፍጥነትም በትክክልም ለዩት። አስቡት፤ ከደቂቃዎች በፊት ምንም ያልነበረ ሦስት ማዕዘን ነው! ሙከራው የተሠራው በቅርጽ እንጂ በቴሌግራም ስም አይደለም፤ ከዚያ ወደ ፊውዝ የምሻገረው እኔ ነኝ። ግን አእምሯችን አንድን ምልክት «የራሴ» ለማለት ይህን ያህል ከፈጠነ፣ በቀን ሃያ ጊዜ «ፊውዝ፣ ጥያቄ 4ን አየኸው?» እየተባለ ሁለት ዓመት የኖረ ሰው አንገቱ ቢቀድመው አይገርምም።

እሺ፣ መዞሩ ይህ ነው። ማፈሩስ?

ማሙሽ ክፍል ውስጥ ሲጠራ

ለዚህ ላብራቶሪ አያስፈልገንም፤ ቤታችን በቂ ነው። ቤት ውስጥ ማሙሽ፣ አቡሽ፣ ሚሚ ወይም ኩኩ የሚባል የሌለበት ቤተሰብ ታውቃላችሁ? አያት «ማሙሽዬ» ስትል ልብ ይቀልጣል። ያንኑ ስም ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ፣ እናት መጥታ በር ላይ ቆማ ስትጠራው ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠን እንመርጣለን። ቃሉ አልተቀየረም። የተቀየረው የሚሰማው ሰው ነው።

እኛ ሀገር አንድ ሰው ብዙ ስም መያዙ አዲስ አይደለም። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ሲጠመቁ የክርስትና ስም ይወጣላቸዋል፤ ይህ ስም ለቤተ ክርስቲያን ነው፣ ቀበሌ መታወቂያ ላይ አይሰፍርም። የፈረስ ስምም አለ፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ ሳፎ ደግሞ አባ ነፍሶ። የፈረስ ስም ቦታው ጦር ሜዳና ፉከራ ነው። እንደኔ እንደኔ ለዩዘርኔም የቅርብ ዘመዱ ይኸ የፈረስ ስም ነው፤ እናትና አባት የሰጡን ሳይሆን በሥራችን፣ በጉራችንም ጭምር የምንታወቅበት ስም። (እርግጥ አባ ታጠቅ ከፊውዝ ይሻላል። አውቃለሁ።)

ልዩነቱ፣ የድሮዎቹ ስሞች ማን የት እንደሚጠራቸው ሁሉም ያውቅ ነበር። በ1950ዎቹ ኤርቪንግ ጎፍማን የተባለ የማኅበረሰብ ተመራማሪ ሰው ኑሮውን እንደ ተዋናይ በተለያየ መድረክ ላይ ይኖራል ብሎ ጻፈ፤ በአንዱ መድረክ ፊት የምናሳየውን በሌላው ፊት አናሳይም። እኔ መገናኛ ላይ የደረሰብኝ ሁለት መድረክ በአንድ ሰልፍ ላይ መገናኘታቸው ነው። ልጁ ፊውዝን ያውቃል፣ አክስቴ ደግሞ ዳዊት ስደግም ያየችኝን ልጅ ታውቃለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ግን ተዋውቀው አያውቁም ነበር።

አማርኛ የሚጨምረው ችግር

እንግሊዝኛ ለሁሉም ሰው አንድ ቃል አለው፤ ለሕፃንም ለሽማግሌም፣ ለወንድም ለሴትም። አማርኛ ግን እንዲህ አያመልጥም። «መጣህ»፣ «መጣሽ»፣ «መጡ»፤ ገና ግሱ ላይ ጾታና ዕድሜ መምረጥ ግዴታ ነው። የኦንላይን ስም ደግሞ ሁለቱንም ይደብቃል። (ይህን ጽሑፍ «እናንተ» እያልኩ የጻፍኩት በትሕትና ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ማን እንደሆናችሁ ስለማላውቅ ነው።)

ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግኑ ሰዎች ባሉበት ግሩፕ «ባትሪ» የሚባል ሰው ነበር። ወራት ሙሉ «ስማ አንተ፣ ፎቶውን አጥርተህ ላክ እንጂ» እያልኩ ስጨቃጨቀው ኖርኩ። አንድ ቀን ዕቃ ልቀበለው መርካቶ ስሄድ የሚጠብቀኝ ፀጉሩ ነጭ የሆነ፣ በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። አንደበቴ ተያያዘ። «እርስዎ ኖት እንዴ ጋሼ?» ከማለት በቀር ምንም አልወጣኝም። ሳቁና «በል በል፣ እንደለመድከው አንተ በለኝ፤ እዚህ ደግሞ አታስረጀኝ» አሉኝ። አልቻልኩም። የሚገርመው ማታ ቤቴ ገብቼ ስልኬን ስከፍት «ባትሪ፣ አመሰግናለሁ፣ ዕቃው ሠራልኝ፤ አንተ ባትኖር ጉዴ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ጣቴ አላመነታም። በስልክ ባትሪና አንተ አብረው ይሄዳሉ፤ መርካቶ ላይ ደግሞ ጋሼና እርስዎ።

ለመሆኑ ማሽኑ ስለዚህ ሁሉ ያውቃል? አያውቅም። ለኮምፒውተር ዩዘርኔም ማለት ቁልፍ ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ቁልፍ እንዳይዝ ብቻ ነው የሚጨነቀው። በ1988 ፊንላንድ ውስጥ ያርኮ ኦይካሪነን በፈጠረው አይአርሲ የተባለ የቻት ሥርዓት ቅጽል ስም ከዘጠኝ ፊደል እንዳያልፍ ተወስኖ ነበር። ዲስኮርድ ከስም ኋላ አራት አሃዝ እየጨመረ ብዙ ሰው አንድ ስም እንዲይዝ ይፈቅድ ነበር፤ በ2023 ይህን ትቶ «ለእያንዳንዱ ስም አንድ ሰው ብቻ» ሲል ብዙዎች ተቆጡ። ለማሽኑ የቁልፍ ለውጥ ነው፣ ለሰዎቹ ስም መነጠቅ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ዩዘርኔም የሚቀበለው የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና የታች ሰረዝ ብቻ ነው፤ «ጣና» እና «ታና» በላቲን ሲጻፉ አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ አንዳንድ ሰው ስሙን በድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ «ኧረ እንደዚያ አይደለም የሚነበበው!» የሚለው ወድዶ አይደለም።

የጻፍኩት አንድ ፊደል

ማፈርን እስካሁን በቀልድ ነው ያወራሁት። ቀልድ ያልሆነ በኩልም አለው፤ እሱ ደግሞ የሚመጣው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፣ ኦንላይን ላይ በእውነተኛ ስም ሲጠሩን።

የጥናት ግሩፓችን ውስጥ «ኦም» የሚል ስም ነበር። በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ከባድ ጥያቄ ይመጣል፤ ሁሌም ቁጥር ተራ አለው፣ መለኪያው ሁሌም ፊት ላይ ይጻፋል። ሁላችንም «አንተ» እያልን እንመልሳለን። አንድም ቀን እርማት አልመጣም። ከዚያ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን ስትከፍት ስክሪኑን አየሁ። ኦም እሷ ነበረች።

ማወቄ አኮራኝ። በዚያው ሳምንት ማታ፣ ሁላችንም ያቃተንን ባለ ሦስት ፌዝ ሰርኪዩት ፈታ ላከች። እኔም ላወድሳት ብዬ «ተባረኪ» ብዬ ጻፍኩ። «ኪ»። አንድ ፊደል። አልበቃኝ ብሎ ስሟን ከነአባቷ ጨመርኩበት።

እኛ ጋ ሙሉ ስም ምን እንደሚሸከም ታውቃላችሁ። ጾታ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሃይማኖቱን፣ አንዳንዴም የዘር ሐረጉን ሰው ከስም ሊገምት ይሞክራል። ቅጽል ስም ይህን ሁሉ በር ላይ ያስቀራል። በ2011 የተጀመረው ጉግል ፕላስ ተጠቃሚዎቹን በእውነተኛ ስማቸው ካልሆነ አትገቡም ብሎ ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2014 ይቅርታ ጠይቆ ያነሳው፣ ደቡብ ኮሪያም በትልልቅ ድረ ገጾች ላይ በ2007 የጣለችውን የማንነት ማረጋገጫ ግዴታ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቷ በ2012 የሻረው ነገሩ ቀላል ስላልሆነ ነው። እኔ ግን ያን ማታ ይህን አላውቅም ነበር፤ ወይም አውቄ አላሰብኩበትም።

በማግስቱ ጥያቄ ስትጠይቅ መልሱ ተቀየረ። ያልጠየቀችውን ከሀ ጀምሮ የሚያስረዳት ሰው በዛ። «አንቺማ ሠርግሽ መቼ ነው» የሚል ቀልድ መጣ። ኢንቦክሷ ምን እንደገባ በኋላ ነው የሰማሁት። በአራተኛው ቀን ከግሩፑ ወጣች።

ክፍል በር ላይ ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅኳት። አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ኦም ስሆን ስለ ሰርኪዩቱ ነበር የሚያወሩኝ» አለችና ገባች።

ግሩፑ ዛሬም አለ፤ ተመርቀን የወጣነውም አልወጣንበትም። ባለፈው ሴሚስተር አንድ አዲስ ስም ገባ። ጥያቄዎቹ ቁጥር ተራ አላቸው፣ መለኪያውም ፊት ላይ ይጻፋል። ማን ነው ወይም ማን ናት ብዬ አልጠየቅኩም። መልስ ስጽፍ ግን «አየኸው» ልል አልኩና አጠፋሁት፣ «አየሽው» ብዬም አጠፋሁት፣ «አዩት» ብዬ ሳነበው ደግሞ አባቴን የማወራ መሰለኝ። በመጨረሻ «ሦስተኛው መስመር ላይ የመቀነስ ምልክት ተረስቷል» ብዬ ላክሁ።