የእንግሊዝኛ ቃላትን በፊደል ብዛትና በጋራ ፊደል መድቦ ማስተማር፤ የሐረር ክፍሎች እንደ ማሳያ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ይህ አሠራር ዛሬም የጸና በመሆኑ፣ የእንግሊዝኛን ጽሑፍ አንብቦ መረዳት ያልቻለ ተማሪ የሚቸገረው በአንድ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ የፊዚክሱም፣ የታሪኩም፣ የሒሳቡም መጽሐፍ አብሮ ይዘጋበታል። ስለዚህ በታችኛው ክፍል የሚከናወነው የቃላት ንባብ ሥራ ትንሽ ቢመስልም፣ የሚያስከትለው ውጤት እስከ ከፍተኛው ክፍል ይደርሳል።

ከዚሁ ሥራ ዘዴዎች አንዱ ቃላትን በፊደላቸው ብዛትና በጋራ በሚይዟቸው ፊደላት መድቦ ማስተማር ነው። ባለሦስት ፊደል ሆነው በኤ እና በቲ የሚጨርሱት በአንድ ረድፍ፣ ባለአምስት ፊደል ሆነው አንድ ዓይነት መድረሻ ያላቸው በሌላ ረድፍ ይቀመጣሉ። ዘዴው በቃላት እንቆቅልሽ መልክ ስለሚቀርብ ሕፃናት ይወዱታል፤ መምህሩንም ብዙ ወጪ አይጠይቀውም። ይሁንና ሙሉ ጥቅሙ የሚገኘው መምህሩ ሁለት ነገሮችን ሲያውቅ ነው፤ አንደኛ፣ ተማሪው ስለ ፊደል ከየት ምን ይዞ እንደመጣ፤ ሁለተኛ፣ ዘዴው የት ላይ እንደሚያቆም። ሐረር በርካታ የጽሕፈት ዓይነቶች ጎን ለጎን የሚገኙባት ከተማ በመሆኗ፣ ለሁለቱም ጉዳዮች ጥሩ ማሳያ ትሆናለች።

አንድ ስም በሦስት ጽሕፈት

የከተማይቱ ስም በግእዝ ፊደል «ሐረር» ተብሎ ሲጻፍ ሦስት ፊደል ነው። በዐረብ ፊደል ሲጻፍም ሦስት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን ኤች፣ ኤ፣ አር፣ ኤ፣ አር ሆኖ አምስት ይሆናል። የስሙ ድምፅ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአቈጣጠሩ ሥርዓት ነው። በግእዝ ፊደል አናባቢው ከተነባቢው ጋር በአንድ ቅርጽ ይዋሐዳል። በዐረብ ጽሕፈት አጭሩ አናባቢ በተለምዶ አይጻፍም፤ ካስፈለገም ከላይ ወይም ከታች በምልክት ይመለከታል። በላቲን ጽሕፈት ግን አናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ሆኖ በረድፉ ውስጥ ይቆማል።

እነዚህ ሦስት ሥርዓቶች በሐረር ሕፃናት ዘንድ በተግባር ይገኛሉ። በአማርኛ የሚማረው ልጅ የግእዝን ፊደል ቈጥሮ ያድጋል። ሐረሪኛ ለብዙ ዘመናት በዐረብ ፊደል ሲጻፍ ኖሮ ኋላ ለትምህርት ቤት በግእዝ ፊደል ተዘጋጅቷል፤ በቁርአን ቤት ያለፈ ልጅ ግን የዐረቡን ፊደል አስቀድሞ ያውቃል። በአፋን ኦሮሞ የሚማረው ደግሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ በሥራ ላይ በዋለው ቁቤ አማካይነት ከላቲን ፊደል ጋር የተዋወቀ ነው። በመሆኑም «ይህ ቃል ስንት ፊደል አለው?» የሚለው ቀላል ጥያቄ ለሦስቱ ልጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ አይደለም።

ባለሦስት ፊደል ቃላት

ድመት ማለት የሆነው «ካት»፣ ባርኔጣ ማለት የሆነው «ሃት»፣ ምንጣፍ ማለት የሆነው «ማት»፣ አይጥ ማለት የሆነው «ራት» እያንዳንዳቸው ባለሦስት ፊደል ሲሆኑ፣ ኤ እና ቲን ይጋራሉ፤ የሚለዩት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው። የግእዝ ፊደል አንባቢ ግን እያንዳንዱን ቃል በሁለት ፊደል ይጽፈዋል። ለእርሱ «ካ» እና «ሃ» ሁለት የተለያዩ ቅርጾች ስለሆኑ በውስጣቸው ያለው የጋራ አናባቢ ለዓይን ጎልቶ አይታየውም። አራቱ ቃላት በላቲን ፊደል አንዱ ከሌላው ሥር ሲጻፉ፣ አናባቢው ከተነባቢው ተነጥሎ መቆሙን በዓይኑ ያያል። የዘዴው ዋነኛ ትርፍ ይህ ነው።

የቁቤ አንባቢ በዚህ በኩል አይቸገርም፤ የሚቸገረው በፊደላቱ ዋጋ ነው። በቁቤ ሲ «ጭ»፣ ኤክስ «ጥ»፣ ኪው «ቅ» ተብለው ይነበባሉ። ስለዚህ ይኸው ልጅ የድመቱን ስም ባወቀው ሥርዓት ቢያነበው «ጨት» ይላል፤ ይህም ለሐረር ልጅ ድመትን ሳይሆን ጫትን የሚያስታውስ ድምፅ ነው። ስድስት ቍጥርን የሚያመለክተውንም ቃል «ሲጥ» ሊለው ይችላል። እንዲህ ያለው ስሕተት ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ተማሪው የተማረውን ሕግ በትክክል ሥራ ላይ ማዋሉን ያሳያል። መምህሩ ይህን ከተረዳ ልጁን ከመገሠጽ ይልቅ የሁለቱን ሥርዓት ልዩነት በሠሌዳ ላይ ያሳየዋል።

በእነዚሁ ቃላት መጨረሻ ላይ ኢ ሲጨመር ባለአራት ፊደል ረድፍ ይፈጠራል። «ሃት» «ሄይት»፣ «ማት» «ሜይት»፣ «ራት» «ሬይት» ይሆናሉ። የመጨረሻው ፊደል ራሱ አይነበብም፤ ሥራው ከፊቱ ያለውን አናባቢ መለወጥ ነው። በግእዝ ፊደልም ሆነ በቁቤ እንዲህ ያለ ዝምተኛ ፊደል ስለሌለ፣ የቁቤ አንባቢ የመጀመሪያውን «ሀቴ» ብሎ ቢያነበው አያስደንቅም። የባለሦስቱና የባለአራቱ ረድፍ ጎን ለጎን መጻፍ ሕጉን ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ግልጽ ያደርገዋል።

ባለአምስት ፊደል ቃላትና የዘዴው ወሰን

«ናይት»፣ «ላይት»፣ «ራይት»፣ «ማይት»፣ «ፋይት»፣ «ሳይት» እና «ታይት» የተባሉት ሰባት ቃላት ሁሉም ባለአምስት ፊደል ናቸው፤ አይ፣ ጂ፣ ኤች እና ቲን በዚሁ ቅደም ተከተል ይጋራሉ። አንዱን በሚገባ ያጠና ተማሪ ስድስቱን በቀላሉ ያገኛል። ነገር ግን ስምንት ቍጥርን የሚያመለክተው «ኤይት» አምስት ፊደል ያለውና አራቱን ፊደላት የሚጋራ ሆኖ ሳለ በድምፁ ከረድፉ ይወጣል።

ልዩነቱ ይበልጥ የሚሰፋው ኦ፣ ዩ፣ ጂ እና ኤችን በሚጋሩት ባለአምስት ፊደል ቃላት ላይ ነው። ጠንካራ ማለት የሆነው «ታፍ»፣ ሻካራ ማለት የሆነው «ራፍ»፣ ሳል ማለት የሆነው «ኮፍ»፣ ሊጥ ማለት የሆነው «ዶው»፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ማለት የሆነው «ባው» በጽሕፈት የሚለያዩት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው፤ በንባብ ግን አንድ አይደሉም። ሰባቱን ቃላት በረድፍ የተማረ ልጅ እነዚህንም በዚያው መንገድ ቢያነባቸው ይሳሳታል።

የዚህ መነሻ ታሪካዊ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ጂ እና ኤች በአሁኑ ጊዜ በሚጻፉበት ቦታ ላይ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ይህም «ኸሚስ» በሚለው የዐረብኛ ቃል መነሻ ላይ ለሚሰማው የቀረበ ነው። ሌሊት በጀርመንኛ እስከ ዛሬ «ናኽት» ይባላል። ዊልያም ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ማተሚያ ካቋቋመ በኋላ የቃላቱ አጻጻፍ እየጸና ሲሄድ፣ አነጋገሩ ግን መለወጡን ቀጠለ፤ ድምፁም ከአንዳንዱ ቃል ጠፋ፣ በአንዳንዱ ወደ «ፍ» ተለወጠ። የሐረር ልጅ ይህን የጠፋ ድምፅ ከዐረብኛ ስለሚያውቀው፣ ዝምተኞቹ ፊደላት ያለ ምክንያት እንዳልተጻፉ ለማስረዳት ለመምህሩ የተመቸ መነሻ አለ።

በክፍል ውስጥ አፈጻጸም

ሥራው ከካርቶን ተቈርጠው በተዘጋጁ ፊደላት ሊከናወን ይችላል። በመጀመሪያ መምህሩ ቃሉን ያሰማል፤ ተማሪዎች ትርጕሙን ካወቁ በኋላ ፊደላቱን ይደረድራሉ፤ ቀጥሎም አንዱን ፊደል እየለወጡ አዲስ ቃል ይፈጥራሉ። የተፈጠረው ሁሉ ጮክ ተብሎ ሊነበብና በዐረፍተ ነገር ሊገባ ይገባዋል፤ ትርጕሙ ያልታወቀ ቃል መደርደር ከፊደል ጨዋታ አያልፍምና። በመጨረሻም ከረድፉ የሚወጣ አንድ ቃል ይቀርብና ልዩነቱን ተማሪዎች ራሳቸው እንዲያገኙት ይደረጋል። የትምህርቱን ውጤት ለመመዘን አጭር የቃል ጽሕፈት ይበቃል።

የዕቅድ አውጪዎች ድርሻ

መማሪያ መጻሕፍት ሲዘጋጁ ሕግ የሚከተሉት ረድፎች ቀድመው፣ ከሕግ የሚወጡት ዘግይተው ቢመጡ መምህሩን ያግዛሉ። የመምህሩ መምሪያም ለሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት ከሚሆን ይልቅ፣ በግእዝ ፊደል ለጀመሩና በቁቤ ለጀመሩ ተማሪዎች የሚያጋጥሙትን ስሕተቶች ለየብቻ ቢያመለክት ይመረጣል። የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማትም ዕጩ መምህሩ የማያነበውን የአካባቢ ጽሕፈት መሠረታዊ ሥርዓት እንዲያውቅ ቢያደርጉ፣ ጥቂት ክፍለ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ብዙ የዓመታት ድካምን ያቃልላል። ልጅ ወደ እንግሊዝኛ ክፍል የሚገባው ባዶ እጁን አይደለም፤ አስቀድሞ የቈጠረው ፊደል አለው። ትምህርቱ ከዚያ ፊደል ከተነሣ መንገዱ ያጥራል።