አለቃ የማይጠብቅ አንጀት

አምቦም ይሁን ጉደር፣ ለፋሲካ የታረደ በግ አንጀት ያጠበ ሰው አይቶታል፤ ከሆድ የወጣው አንጀት ሳፋ ውስጥ ሆኖም ለጥቂት ጊዜ ይላወሳል። «ነፍሱ ገና አልወጣችም» የሚል አይጠፋም። እኔ በዚያች ሰዓት ግቢ ውስጥ ያሉትን ልጆች ሁሉ ጠርቼ አሳያለሁ።

ደንዳኔ፣ ማለትም ትልቁ አንጀት፣ በሰው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ውሃ ይመጥጣል፣ የቀረውን ወደ ውጭ ይገፋል። ገፊው ማን ነው ሲባል ብዙ ሰው «አንጎል» ይላል። አንጎል ግን ሥራውን ያፋጥናል ወይም ያዘገያል እንጂ እያንዳንዱን መኮማተር አያዝም። እ.ኤ.አ. በ1899 እንግሊዛውያኑ ተመራማሪዎች ቤይሊስና ስታርሊንግ ከውጭ ወደ ውሻ አንጀት የሚገቡትን ነርቮች ቆረጡ፤ አንጀቱ ግን በውስጡ ካለው ጉርሻ በላይ ተኮማተረ፣ በታቹ ላላ።

አዛዡ ግድግዳው ውስጥ ነው። በሁለቱ የጡንቻ ንጣፎች መካከል የነርቭ መረብ አለ፤ እዚያው አጠገብ ነርቭም ጡንቻም ያልሆኑ ሴሎች ተዘርግተዋል። እ.ኤ.አ. በ1906 የኖቤል ሽልማት ባገኘው ስፔናዊ በራሞን ኢ ካሃል ስም የካሃል ሴሎች ይባላሉ፤ እሱ ራሱ የነርቭ ዓይነት መስለውት ነበር። በገዛ ራሳቸው ዝግ ያለ የኤሌክትሪክ ሞገድ ያመነጫሉ። ሞገዱ ብቻውን ብዙ ጊዜ ጡንቻውን አያንቀሳቅስም፤ ነርቮቹ አሴቲልኮሊን ሲጨምሩበት ግን ጡንቻው ይኮማተራል።

ሁሉም ስለ መግፋት ያወራል፤ ስለ መላላት የሚያነሳ የለም። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚለቁት ነርቮች ከፊት ያለውን ካላላሉ ግፊቱ ሁሉ ከንቱ ነው። የደንዳኔያቸው ጫፍ ያለ ነርቭ ሴል የተፈጠረ ሕፃናት አሉ፤ ያ ክፍል እንደተጨበጠ ይቀራል፣ ከበላዩ ያለው ይነፋል። በተወለደ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ጥቁር ዓይነ ምድር ያላወጣ ሕፃን «ይወጣለታል» እየተባለ ቤት መቆየት የለበትም፤ ሆስፒታል ይሂድ። ነርቭ የሌለውን ክፍል በቀዶ ሕክምና ማውጣት ይቻላል።

«አምቦ ውሃ ምግብ ያወርዳል» ለሚሉኝም መልሴ ይኸው ነው፤ ጋዙ ያስገሳል፣ የሚያወርደው ጡንቻው ነው። ደንዳኔን ይበልጥ የሚቀሰቅሰው ቁርስ ነው፤ ጨጓራ ሲለጠጥ መልእክቱ ታች ይደርሳል። ይህን ጥሪ አፍነው የማለዳ ሚኒባስ ይዘው ወደ አዲስ አበባ የሚሮጡ፣ በኋላም የሆድ ማለስለሻ የሚገዙ ወዳጆቼን እቆጣቸዋለሁ። መንገድ ላይ ጊንጪን ሳያልፉ ስሜቱ ይጠፋል፤ ደንዳኔ ግን ውሃ መምጠጡን አያቆምም፣ የቀረውም እየደረቀ ይሄዳል።