ሙክት ያልጎተተ እጮኛ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ለፋሲካ በግ ይዛችሁ እጮኛችሁ ቤት ካልሄዳችሁ ፍቅራችሁ ይቀንሳል እንዴ?

ጥያቄውን ያነሳብኝ መቱ የሚኖር የ26 ዓመት መምህር ነው። እጮኛው ጎሬ ናት። የታላቅ እህቷ ባል በየፋሲካው ሙክት እየጎተተ ስለሚመጣ እናቷ «ያንተስ የታለ?» በሚል ዓይን ያዩኛል ይላል። ደመወዙ አልበቃ ሲለው ከአራጣ አበዳሪ ሊበደር ተነስቷል። ልጅቷ ሁሉንም እያየች ጭጭ! እኔን ያናደደኝ የሷ ዝምታ ነው።

«በጉ እኮ የሃይማኖት ነገር ነው» ብሎ ተከራከረኝ። እሺ፣ የሃይማኖት ከሆነ ከምንጩ እንየው። ፋሲካ የሚለው ስም ራሱ ከዕብራይስጡ ፔሳሕ የመጣ ነው። እስራኤላውያን ከግብፅ ሊወጡ ሲሉ ነውር የሌለበት የአንድ ዓመት ተባዕት ጠቦት አርደው፣ ደሙን በበራቸው መቃንና ጉበን ቀብተው፣ ሥጋውን በእሳት ጠብሰው በሉ። ታዲያ ዘጸአት ምዕራፍ 12 ብዙዎቻችን የምንዘለው ነገር አለው፤ ቤተሰቡ ለአንድ ጠቦት የሚያንስ ከሆነ ከጎረቤቱ ጋር እንዲካፈል ያዝዛል። በኛ ቋንቋ ቅርጫ በሉት። የፍየል ጠቦትም ይሆናል። (አማቶች አይስሙኝ እንጂ ሙክት የተኮላሸ ነው፤ ዘሌዋውያን 22 ደግሞ የተኮላሸ እንስሳ ለመሥዋዕት እንዳይቀርብ ይከለክላል!)

የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. በ70 ከፈረሰ ወዲህ በሌላው ዓለም ያሉ አይሁድ የፋሲካውን በግ ማረድ ትተዋል፤ ዛሬ ብዙዎቹ ማዕዳቸው ላይ የሚያኖሩት የተጠበሰ አጥንት ለምልክት ያህል ነው። ጎንደር አካባቢ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ግን አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰለሞን ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ ያርዱ ነበር። የሚያርዱት ቄሶቻቸው ሲሆኑ መንደሩ አብሮ ይበላ ነበር።

ለክርስቲያኑ ደግሞ በጉ ራሱ ክርስቶስ ነው፤ መጥምቁ ዮሐንስም የእግዚአብሔር በግ ብሎ ጠርቶታል። ስለ ኃጢአት የእንስሳ ደም ማፍሰስ የቀረውም በዚህ ነው። እኛ በፋሲካ የምናርደው የ55 ቀን ጾም መፍቻ፣ የደስታ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሉቃስ ምዕራፍ 2 ነው። የወለደች ሴት የመንጻቷ ቀን ሲደርስ ጠቦት ታቀርባለች፤ አቅም ካጣች ሁለት ወፍ ይበቃታል። ድንግል ማርያም ያቀረበችው የድሆቹን ነው። የእግዚአብሔር በግ የተባለውን የወለደች እናት በግ መግዣ አልነበራትም ማለት ነው!

ለልጁ ያልኩት ይህን ነው፦ አራጣውን እርሳው። ከእህቷ ባል ጋር አዋጥታችሁ አንድ በግ ግዙ። እሱ እምቢ ካለ የኢሉባቦር ማር ምን ሆነና? ይዘህ ግባ። ግን ከመሄድህ በፊት ልጅቷን «እናትሽ እንደዚያ ሲያዩኝ አንቺ ምን ትያለሽ?» ብለህ ጠይቃት። አራጣ ተበድረህ ብታገባ አብራህ የምትከፍለው እሷ ናት።

ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ማሩን ገዝቷል። ልጅቷን ግን እስካሁን አልጠየቃትም።