አሊሲን የሚፈጠረው ሙቀጫ ውስጥ ነው

የአርሲዋ አሰላ ገበያተኛ በኦሮምኛ ቁሉቢ አዲ የሚለው ነጭ ሽንኩርት ራሱ ሳይፈለፈል አፍንጫ ስር ቢያዝ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ፍሬው ተልጦ ሙሉውን ቢሸተትም ያው ነው። ዘነዘና ሲያርፍበት ግን ሽታው ማጀቱን አልፎ ደጅ ይደርሳል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ የለም፤ ነገሩ ምን እንደሚነግረን ቆም ብሎ ያሰበ ግን ብዙ አይደለም። ሽታው ፍሬው ውስጥ ተጠራቅሞ ቆይቶ ሲሰበር የወጣ ይመስለናል። እንዲያ አይደለም። ምላስ የሚያቃጥለውና ነጭ ሽንኩርትን በመድኃኒትነት ያስመሰገነው አሊሲን የተባለ የድኝ ውሁድ ባልተነካ ነጭ ሽንኩርት ውስጥ የለም። የሚፈጠረው ሲወቀጥ፣ ሲከተፍ ወይም ሲታኘክ ነው። ስለዚህ አሊሲን ከገበያ ተገዝቶ አይመጣም፤ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ መሠራት አለመሠራቱን የሚወስነውም ሙቀጫው አጠገብ ያለው ሰው ነው።

አሠራሩ አጭር ነው። ፍሬው ውስጥ አሊን የሚባል፣ ሽታ የሌለው ውሁድ አለ። አሊኔዝ የሚባል ኢንዛይም ደግሞ በዚያው ፍሬ ውስጥ ለብቻው በተዘጋ ከረጢት ይቀመጣል። ፍሬው ሲደቅ ግድግዳው ይፈርሳል፣ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አብዛኛው አሊን አሊሲን ይሆናል። ተክሉ ይህን ያዘጋጀው ለእኛ ወጥ ብሎ አይደለም፤ ለሚነክሱት ነፍሳትና ለሚወረው ፈንገስ ነው። ኢንዛይሙ ከፍሬው ፕሮቲን 10 በመቶ ያህሉን ይይዛል። አንድ ተክል ይህን ያህል ሀብት ለአንድ ሥራ ከመደበ፣ ሥራው ለሕልውናው ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

አሊሲን ቀድሞ የተቀመጠ ነገር ነው ለሚል ሰው ከሁሉ የሚበልጠው መልስ ኬሚስቶቹ ራሳቸው የሄዱበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 ኦስትሪያዊው ቴዎዶር ቬርትሃይም ነጭ ሽንኩርትን በእንፋሎት አጣርቶ ኃይለኛ ሽታ ያለው ዘይት አወጣ። በ1892 ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ዜምለር የዚያ ዘይት ዋና ክፍል ዳይአሊል ዳይሰልፋይድ መሆኑን አሳየ። በ1944 ኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ውስጥ ቼስተር ካቫሊቶ እና ጆን ሄይስ ቤይሊ እንፋሎቱን ትተው 4 ኪሎ ነጭ ሽንኩርት በክፍል ሙቀት በአልኮል አጠቡ። ያገኙት 6 ግራም ዘይት ከቀደመው የተለየ ሆነ፤ ባክቴሪያ ይገድላል፣ በሙቀትም ቶሎ ይበላሻል። አሊሲን ብለው የሰየሙትም ይህን ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በስዊዘርላንዷ ባዝል አርተር ሽቶል እና ኤቫልድ ዜቤክ ፍሬውን በበረዶ አቀዝቅዘው ኢንዛይሙ ሥራ ሳይጀምር ሲይዙት፣ ሽታ የሌለውን አሊን ብቻ አገኙ። ነጭ ሽንኩርቱ ያው ነጭ ሽንኩርት ነው። በቅዝቃዜ ሲያዝ አሊን፣ በክፍል ሙቀት ሲደቅ አሊሲን፣ በእንፋሎት ሲቀቀል ደግሞ የአሊሲን ዘሮች ሰጠ። የሰው እጅ የሠራበት መንገድ ሲለያይ የወጣውም ነገር ተለያየ።

ከዚህ በኋላ ወደ ድስቱ መሄድ ይቻላል። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ከፍ ያለ ሙቀት ሥራውን ያስቆመዋል። ሙሉ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት የሚፈላ ሾርባ ውስጥ ከገባ፣ አሊኔዝ ከአሊን ጋር ሳይገናኝ ይሞታል፤ ቆይቶ ቢደቅም አይነሳም። አሰላ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህ ግን ኢንዛይሙን አያድነውም፤ ከዚያ በብዙ የሚያንስ ሙቀትም ይበቃዋል። አንድ ተቃውሞ አለ፦ እናቶቻችን ነጭ ሽንኩርቱን ከቁሌቱ ጋር ሲያበስሉት ኖረዋል፣ ወጡም ይጣፍጣል። እውነት ነው፣ ይጣፍጣል፤ የበሰለ ነጭ ሽንኩርት ለስላሳና ጣፋጭ ጣዕም የራሱ ክብር አለው፣ እኔም የምነቅፈው ጣዕሙን አይደለም። የምነቅፈው ሙሉ ፍሬውን ቀቅሎ “ነጭ ሽንኩርት ስላለበት ለጉንፋን ነው” ማለትን ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የተሻለ ነው፦ አሊሲንም በሙቀት ይፈርሳል፣ ታዲያ ቀድሞ መፈጠሩ ምን ይጠቅማል? የሚጠቅመው ሲፈርስ ባዶ ስለማይሆን ነው። ወደ ሌሎች የድኝ ውሁዶች ይለወጣል፤ እነዚያ ደግሞ አሊሲን መጀመሪያ ካልተፈጠረ አይገኙም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ 60 ሴኮንድ በማይክሮዌቭ የሞቀ ነጭ ሽንኩርት ካንሰር የመከላከል ጠባዩን ሲያጣ፣ ተደቁሶ 10 ደቂቃ ከቆየ በኋላ የሞቀው ግን በከፊል ጠብቆታል። ቀይ ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ድረስ የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርት ሙቀጫ ውስጥ ማቆየት ማንንም አያስቸግርም።

ሎሚ ላይ ያለው ስህተት ግን ከድስቱ ይብሳል፤ ብዙ ሰው መልካም እየሠራ መስሎት የሚያበላሸው እዚህ ነው። ጉንፋን ሲይዝ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ማር አንድ ላይ ይደባለቃሉ። አሊኔዝ ኃይለኛ ኮምጣጣ ነገር ውስጥ ሥራውን ያቆማል፤ የሎሚ ጭማቂ ደግሞ ለዚህ በቂ ኮምጣጣ ነው። ሙሉ ፍሬዎች ሎሚ ውስጥ ተነክረው ካደሩ፣ ወይም ሎሚው ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር አብሮ ከተፈጨ፣ ኢንዛይሙ በመንገድ ላይ ይቀራል። አንዴ የተፈጠረ አሊሲን ግን ኮምጣጣውን ይችላል። እንግዲህ ልዩነቱ ያለው በቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ መውቀጥ፣ ጥቂት መታገስ፣ ከዚያ ሎሚውን መጭመቅ። ፍሬውን ሳያኝኩ እንደ እንክብል የሚውጡትም ይህንኑ ያጣሉ፤ ጨጓራ ከሎሚ የባሰ አሲድ አለው። ፈጭቶ በዘይት ሸፍኖ ለሳምንት ማስቀመጥም አይረዳም። አሊሲን ውሃ ውስጥ ቀናት ሲቆይ፣ ዘይት ውስጥ በጥቂት ሰዓታት ግማሹ ይጠፋል። ዘይት አየር ስለሚከለክልም፣ ከማቀዝቀዣ ውጭ የተቀመጠ እንዲህ ያለ ማሰሮ ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳዋ ቫንኩቨር ብዙ ሰው የታመመው በዚህ ነው። (ብርድ ላይ የከረመ ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቢሆን ግን አትጣሉት፤ ይህም የድኝ ውሁዶቹ ሥራ ነው፣ ጉዳት የለውም።)

ስለ መድኃኒትነቱ ልኩን መናገር ለአሊሲን ከሚደረግ ማጋነን ይሻላል። ካቫሊቶ እና ቤይሊ የለኩት ኃይል የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ነው። አሊሲን ከተበላ በኋላ በደም ውስጥ እንዳለ አይገኝም፤ ካገኘው ፕሮቲን ጋር ወዲያው ይጣበቃል፣ ይለወጣል። በእንግሊዝ በ146 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2001 የታተመ ሙከራ ጉንፋን እንደቀነሰ ቢያሳይም፣ ያንን የሚያጸና በቂ ጥናት አልተገኘም። በካሊፎርኒያ በ192 ሰዎች ላይ ለስድስት ወር ተሞክሮ በ2007 የታተመው ደግሞ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት መጥፎውን ኮሌስትሮል አልቀነሰም ብሏል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ከመብላቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። የተወቀጠውን ጨርቅ ላይ አድርጎ ሕፃን ቆዳ ላይ ማሰር ደግሞ ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጠባሳም ይተዋል። የአፍ ሽታው ጥርስ በመፋቅ የማይጠፋው ከአሊሲን የሚመጣ አንድ የድኝ ጋዝ ደም ውስጥ ገብቶ በሳንባ በኩል ስለሚወጣ ነው፤ ለዚህ ወተት ይረዳል፣ ያልተናጠ ሙሉ ወተት የበለጠ፣ ወተት ደግሞ አርሲ ላይ ሞልቷል።

ይህ ሁሉ ከአፈር ይጀምራል። አሊን ያለ ድኝ አይሠራም። የአገሪቱ የአፈር ጥናት በብዙ ቦታ የድኝ እጥረት ስላገኘ ነው ድኝ የሌለው ዳፕ ማዳበሪያ በኤንፒኤስ የተተካው፤ በኤንፒኤስ ውስጥ 7 በመቶ ድኝ አለ። አርሲ ላይ ስለዚህ ማዳበሪያ ሲወራ ሁልጊዜ ስንዴ ነው የሚነሳው፤ ከጓሮው የነጭ ሽንኩርት መደብ ይበልጥ ድኝ የሚፈልግ ሰብል ግን ጥቂት ነው።

የዚህ የድኝ ቤተሰብ ሽታ የሚጠራው ጠላትም አለ። ነጭ አበስብስ የሚባለው የፈንገስ በሽታ፣ በኢትዮጵያ ደጋ በተለይም በሰሜን ሸዋ የነጭ ሽንኩርት ማሳዎችን ያጠፋው፣ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ ጥቋቁር እንክብሎች ሆኖ አፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይተኛል። ስንዴ ቢዘራ፣ ገብስ ቢዘራ አይነቃም። የሚነቃው የነጭ ሽንኩርት ሥር የሚለቃቸው ውሁዶች በአፈሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ተሰባብረው የድኝ ሽታ ሲሰጡ ነው። ቀዝቃዛ አፈር ይወዳል፤ የአርሲ ደጋ አፈር ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። በሌሎች አገሮች ዳይአሊል ዳይሰልፋይድን ባዶ ማሳ አፈር ውስጥ በመጨመር ፈንገሱ ያለ ጊዜው ነቅቶ በረሃብ እንዲያልቅ ማድረግ ተሞክሯል፤ ውሁዱ ቬርትሃይም በእንፋሎት ካወጣው ዘይት ዋናው ክፍል ማለት ነው። ያ እስኪደርሰን ግን ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው በራሱ ፍሬ ስለሆነ በሽታው ከዘሩ ጋር ይጓዛል። አርሲ ላይ የምትተክሉ ሁሉ፣ ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታና ጥቋቁር ነጠብጣብ ከታየበት ማሳ ለዘር አትውሰዱ፤ የበሰበሰውን ነቅላችሁ አቃጥሉ እንጂ ከፍግ ጋር አትቀላቅሉት።