ገብሱ የት ላይ ይቆማል? ጉናን በኅዳር በእግር

ተራራ የሚያምረው በመስከረም ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። አደይ አበባ ሲፈነዳ ስልካችን በቢጫ ፎቶ ይሞላል፤ መስቀል ካለፈ በኋላ ግን ካሜራችንም ወደ ከተማ ይመለሳል። ጉና ዋና ቀለሙን የሚያወጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ መፀው ሊያልቅ ሲል፣ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ። ዝናቡ ቆሟል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ገብሱ ደርሷል፣ የደጋው ሣር ደግሞ ገና ጨርሶ አልደረቀም። አራት አምስት ቀለም በአንድ ሸንተረር ላይ ተደራርቦ የሚታየው በእነዚህ ሳምንታት ነው።

ጉና የሚገኘው ደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ ከደብረ ታቦር ደቡብ ምሥራቅ ነው። ፋርጣ፣ ላይ ጋይንትና እስቴ ይጋሩታል። ከፍታው ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። የዛሬ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እሳተ ገሞራ ደጋግሞ ያፈሰሰው ድንጋይ ነው የገነባው፤ ስለዚህ ሾጣጣ ሳይሆን እንደ ተደፋ ጋሻ የተንጣለለ ነው። ሸንተረሮቹ ከመሃል ወደ ዙሪያው ይወርዳሉ። ለመውጣት ገመድ አያስፈልግም፤ እላይ ሲደረስ ግን በእጅ እየያዙ የሚያልፉት ቋጥኝ አለ።

እኔ የወጣሁት ኅዳር 20 ቀን 2015 ነው፤ ብቻዬን። ደብረ ታቦር አድሬ በወረታ–ወልድያ መንገድ በመጀመሪያው ሚኒባስ ክምር ድንጋይ ወረድኩ፤ ከዚያ ፊቴን ወደ ደቡብ አድርጌ መውጣት ጀመርኩ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ቢሆንም ጥላው ውስጥ ያለው ሣር ገና በውርጭ ነጭ ነበር።

የመጀመሪያው ቀለም የባሕር ዛፍ ነው፤ ቤቶቹን ከቦ ሰማያዊ የቀላቀለ አረንጓዴ። ቀጥሎ ድንች የወጣለት ማሳ ይመጣል፤ ቀይ ቡናማ። ከዚያ በላይ ገብስ ነው። ገብሱ እንደየማሳው ይለያያል፤ አንዱ ወርቅማ፣ አንዱ የነጣ፣ ዘግይቶ የተዘራው ደግሞ ገና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ። ያን ቀን ሰዉ ሁሉ ማጭድ ይዞ ማሳ ላይ ነበር፤ በማግስቱ ኅዳር ጽዮን ስለሆነች የቻለ ሁሉ ዛሬውኑ ማጨድ አለበት።

አንድ አዛውንት ቀና ብለው አዩኝና፣ “ብቻህን ነህ? ምን ጠፍቶብህ ነው?” አሉኝ።

“ምንም አልጠፋብኝም አባባ፤ ጉናን ላይ ነው።”

“ከዚህስ አይታይም?”

አጫጆቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። የነቢያት ጾም ስለገባ የተቀቀለ ድንችና ጨው ነበር የያዙት፤ ሳልቀምስ አላሳለፉኝም።

“ብቻህን?” የሚለው ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ተከተለኝ። አገሬው እንደሚያየው ብቻውን ተራራ የሚወጣ ሰው ወይ ከብት ጠፍቶበታል፣ ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ይፈለጋል። ግን እኮ በእነዚህ ሸንተረሮች ብቻውን የሄደ ወጣት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ከጉና በስተምሥራቅ፣ ጋይንት ውስጥ፣ ቤተ ልሔም አለች፤ የቅዱስ ያሬድ ድጓ የሚመሰከርባት ስመ ጥር ጉባኤ ቤት። ድጓውን ሌላ ቦታ የተማረ ሰው “አስመስክሬያለሁ” የሚለው እዚያ ሄዶ ሲመረቅ ነው። ለዚህ ሲሉ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከወሎ የተነሱ የቆሎ ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው፣ ኮሮጆ አንግተው፣ ደጋ ቆላውን በእግራቸው አቆራርጠዋል። ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከኛ ያነሰ ነበር። ብቻ መሄድ ከዩቲዩብ የመጣ ነገር አይደለም ለማለት ነው።

ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያኗም የራሷ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓኬንሃም የተባለ ወጣት ጸሐፊ ወደዚያ ሲደርስ፣ ከውጭ ተራ ክብ የሣር ክዳን ከሚመስለው ሕንፃ ውስጥ ባለአራት ማዕዘን የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን አገኘ። አገሬው ድሮም ያውቀዋል፤ አዲስ የሆነው ለውጭው ዓለም ነው።

ወደ ሸንተረሩ ልመለስ። 3,500 ሜትር ግድም ካለፍኩ በኋላ ዛፍ ጠፋ። አስታው እዚህም እዚያም ጎንበስ ብሎ በቅሏል፤ ከዚያ ጓሳው ጀመረ። ጓሳ ረጅም የደጋ ሣር ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ከብት ይበላዋል። በኅዳር ሥሩ አረንጓዴ፣ ጫፉ ብርማ ነው፤ ነፋስ ሲመታው ተራራው ሁሉ የሚንቀሳቀስ ይመስላል።

ያስገረመኝ ግን ቀለሙ የሚለወጥበት መስመር ነው። ተፈጥሮ ስታሰምር እንዲህ ቀጥ አታደርግም። ወርቅማው ገብስ በአንድ በኩል፣ ብርማው ጓሳ በሌላ በኩል፣ መሃላቸው በማረሻ የተሰመረ ድንበር። በጎቹን ትቶ የተከተለኝ የ12 ዓመት ገደማ እረኛ አንድ የታጨደ ማሳ አሳየኝ። “ይኼ ሦስት ዓመቱ ነው ጋሼ። መጀመሪያ ጓሳ ነበር።”

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ተራራውን የማየው እንደ ሒሳብ መዝገብ ሆነ። ገብሱ ሽቅብ የሚወጣው ገበሬው ጓሳ ስለሚጠላ አይደለም። ታች ያለው መሬት ለልጆች ሲከፋፈል አነሰ፤ አፈሩ ታጠበ፤ ማዳበሪያው ተወደደ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት ከታቀፋቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው፤ ምርት ሞልቶ ተርፏቸው አይደለም። ለአንድ አባወራ ጥቂት ጥማድ ጓሳ አርሶ ገብስ መዝራት የዓመት ቀለብ ማሟያ ነው። ጥቅሙ ወዲያው ጎተራ ይገባል። ኪሳራው ግን ቁልቁል ወርዶ የማያውቀው ሰው ቤት ነው የሚደርሰው።

እንዴት? ጓሳው ስፖንጅ ነው። የክረምቱን ዝናብ ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ርብና ጉማራ ከጉና ተነስተው በፎገራ ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ የፎገራ ሩዝና ሽንኩርት የነሱ ልጅ ነው። አናቱ ሲራቆት ውኃው አይቆይም፤ ክረምት ላይ ደለል ተሸክሞ ሜዳውን ያጥለቀልቃል፣ በበጋ ፓምፕ ሲተከል ደግሞ የለም። የጉና አናት በማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራነት ተከልሏል፤ ትክክለኛ እርምጃ ነው። ክልከላ ብቻውን ግን ቀለብ አይሆንም። ከታች ያለው ውኃውን የሚጠቀም ሁሉ ከላይ ጓሳውን ለሚጠብቀው ገበሬ የሚከፍለው ነገር ካልኖረ፣ መስመሩ ሽቅብ መሄዱ አይቀርም።

ቀኑ ሲጋመስ ሸንተረሩ ጠበበ። ጥቁር ድንጋዩ ላይ ቢጫና ብርቱካንማ ሽበት የመሰለ ነገር ተለጥፏል። አንዳንድ ቦታ እጄን መጠቀም ነበረብኝ። አየሩ ሳስቷል፤ እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ አሥር እርምጃ፣ ከዚያ ትንፋሽ። ጅብራዎቹ ከሰው በላይ ቆመዋል። ጅብራ ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ ሲያሳድግ ይኖርና አንድ ጊዜ ያብባል፤ ከዚያ ይሞታል። የሞቱት ግራጫ ሆነው እንደ ዘብ ቆመው ነበር።

እረኛው እዚህ ሲደርስ ተሰናበተኝ። ሲሄድ ዞር ብሎ “ብረት ካየህ እንዳትነካ” አለኝ። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ነፋስ መውጫን ይዞ እስከ ደብረ ታቦር ደጃፍ ደርሶ ነበር። ልጁ ይህን የሚያውቀው ከዜና አይደለም።

ከላይ ሆኖ የሚታየውን በፎቶ ማምጣት አልቻልኩም፤ በቃል ልሞክር። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ውኃ ወደ ጣና ይሄዳል። በደቡብና በምሥራቅ፣ በእስቴና በስማዳ በኩል የሚወርደው ደግሞ ወደ አባይ ሸለቆ። ሁለት የዝናብ ጠብታ እዚህ አናት ላይ ቢለያዩ፣ አንዷ በጣና ዞራ፣ በባሕር ዳር ወጥታ፣ በአባይ ሸለቆ ስትጠማዘዝ ሌላዋን እስቴና ስማዳ ግርጌ ታገኛታለች። ላይ ሆኖ የተለያየ የሚመስለው ታች አንድ ነው።

ከ8 ሰዓት በፊት መውረድ ጀመርኩ። ልምዱ ለሌላ ተራራም ይሠራል፦ በጠዋት ጀምሩ፣ የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ንገሩ፣ ሁለት ሊትር ውኃ አይነስ፣ ራስ ምታቱ ከበረታ ጫፉን ተዉትና ውረዱ። ስልክ በብርድ ቶሎ ባትሪ ይጨርሳል፤ ከውስጥ ኪስ ያዙት። ያገኛችሁትን ሰው ሁሉ ሰላም በሉ፤ ከሁሉም በላይ የሚጠብቃችሁ እሱ ነው።

ዛሬ ግን ተነስታችሁ ሂዱ አልልም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል፤ ለሽርሽር መንገድ መጀመር ቀርቶ ለሕክምና መሄድም ያስፈራበት ጊዜ አለ። ሰላም እስኪመለስ ስልካችሁ አንድ ነገር ሊያሳያችሁ ይችላል። ጎግል ኧርዝ ላይ ጉናን ፈልጉ፤ የድሮውን የሳተላይት ምስል ከአዲሱ ጋር አስተያዩት። የጫፉን ከፍታ እርሱት። እርሻው የት ላይ እንደሚያበቃና ሣሩ የት ላይ እንደሚጀምር ብቻ ተመልከቱ። የፎገራ ሽንኩርትም፣ የዚያ እረኛ ነገም የሚወሰነው እዚያ መስመር ላይ ነው።