አዲስ ገቢ ተማሪዎቻችንን እንዴት እንሸኛቸው?

በጎጆና በአካባቢዋ ካሉ አጥቢያዎች ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ልጆቻችን ሁሉም በቅርብ ወዳለው አምቦ አይመደቡም፤ ምደባው ሀገር አቀፍ በመሆኑ ርቀው የሚሄዱ አሉ። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያትና ካህናት ከስንብቱ ቡራኬ አስቀድመው ሦስት ነገሮችን ለተማሪዎቹና ለወላጆች ሊያስረዱ ይገባል።

አንደኛ፣ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት የሚሰጥበት ቢሆንም የመለማመጃ ጊዜ ብቻ አይደለም። ወደ ትምህርት ክፍል የሚደረገው ድልድል በአብዛኛው በዚሁ ዓመት ውጤት ላይ ይመሠረታልና ጥናት ከመጀመሪያው ሳምንት ይጀመር።

ሁለተኛ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የሚሠራው የወጪ መጋራት ውል ከምረቃ በኋላ ከገቢ የሚከፈል ዕዳ ነው። ተማሪው አንብቦ ይፈርም፤ ወላጅም ለትምህርት፣ ለምግብና ለመኝታ በቅድሚያ ክፈል የምባል መስሎት የእርሻ በሬውን አይሽጥ። ለጉዞ፣ ለአንሶላና ብርድ ልብስ፣ ለደብተር ግን ገንዘብ ያስፈልጋል፤ አጥቢያው ሊያግዝ የሚችለው በዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ተማሪው የንስሐ አባቱን ስልክ ይያዝ፤ እንደ ደረሰም ግቢ ጉባኤውን ይፈልግ። ብቸኝነት የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነውና ካህኑ ቀድመው ይደውሉ። የሸኘነውን ልጅ መጠየቅም የእረኝነታችን ክፍል ነው።